መሪው ለማን ቀለለ

«ምስጋናው ጉንደ ወይን ላይ ሴት አለችው» ትላለች የብርጓል። ከጋራዡ በር ላይ ሻይ እያፈላች የምትሸጠው የብርጓል ወሬውን ሻይ ስትቀዳም ትለዋለች፣ ብርጭቆ ስታነሣም ትደግመዋለች። «በየቅዳሜው ነጠላ ለብሶ ይሄዳል። ነጠላ ለብሶ ጤፍ የሚጭን ሹፌር አይታችኋል?»

እስከዳር ከአንድ መኪና ሥር በጀርባዋ ተኝታ ትሰማለች።

ማንም ሳያስተምራት፣ የተጣለ ዕቃ እየፈታች እየገጠመች ለደብረ ማርቆስ መካኒክ የሆነች ልጅ ናት። ምላሷ ከመጋዝ ይብሳል ይሏታል። ሊያሽኮረምማት የሞከረውን ሹፌር ሁሉ «የተበላሸው መኪናህ ነው ወይስ አንተ?» ብላ ሸኝታዋለች። ምስጋናው ብቻ ሞክሮ አያውቅም። መጥቶ ሰላም ይላትና መብራቱን ይይዝላታል፤ ሳትነግረው ዓይኗ ወደሄደበት ያዞርላታል።

የመርጡለ ማርያምን ቁልቁለት የሚወርድበት አሮጌ የጭነት መኪናው የፊት ባሌስትራው ተኝቷል፣ መሪውም ሁለት ሰው የሚታገለው ሆኗል። ወፍራም ባሌስትራ፣ ንዝረት የሚውጥ ረጅም አሞርዛተር ይግባለት፣ ድንጋይ ሆዱን እንዳይነካው ከፍ ይበል አለ ምስጋናው። ይኼ ሁሉ ደግ። የመጨረሻዋ ቃል ናት ነገር ያመጣች።

«መሪው ደግሞ ይቅለል። ጉልበት ለሌለው እጅም እንዲታዘዝ።»

«የማን እጅ?»

አቀረቀረ።

የየብርጓል ወሬ ያን ዕለት እስከዳር ልብ ውስጥ ገባ። ጉልበት የሌለው እጅ የማን ይሆናል? እንሶስላ የሞቀ የሙሽራ እጅ፣ እሷ በሠራችው መሪ ላይ ተቀምጦ ታያት።

ሥራውን ማበላሸት ትችል ነበር። ግን እስከዳር ክፉ መሆን ትችላለች እንጂ ክፉ ሥራ መሥራት አትችልም። መሪውን የሚያግዝ ፓምፕ አስገባች፣ ያረጀውን የመሪ ዘንግ ለወጠች፣ እያንዳንዱን ብሎን ከንፈሯን ነክሳ ደግማ አጠበቀች። መሪው በአንድ ጣት ሲዞር ጊዜ ኮራች፤ ወዲያው ደግሞ በኩራቷ ተናደደች።

በጋራዡ ወግ መሪ የነካ ሰው ለሙከራ አብሮ ይሳፈራል፤ ገደል ከሆነም አብሮ ነው። በአማኑኤል መንገድ ወጥተው አስፋልት ወደሌለው አንድ ፒስታ ቁልቁለት ታጠፉ። ድሮ ጥርስ ያራግፍ የነበረው መኪና ድንጋዩን እንደ ሰጋር በቅሎ እያለፈ ወረደ። እስከዳር ግን አንድ ነገር አየች። ምስጋናው ማርሽ ካስገባ በኋላ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ያሳርፋል። ኩርባ ሲመጣ እንኳ ወደ መሪው አያነሣውም።

«እጅህ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«አቁም።»

አቆመ። ሞተሩን አጥፍቶ ነገራት። ክረምት ላይ ከጭነቱ አናት ወድቆ ቀኝ ትከሻው ወልቆ ነበር። በየቅዳሜው ጉንደ ወይን የሚሄደው እማሆይ ወለተ ሚካኤል የሚባሉ ወጌሻ ዘንድ ነው። እማሆይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሳያስስሙ ማንንም አያሹም፤ ነጠላው ለዚያ ነው። የደበቀውም እህሉን ለአንድ እጅ ሹፌር አምኖ የሚጭን ነጋዴ ስለሌለ ነው።

እስከዳር ክሪኩ እንደወረደላት መኪና ሁለንተናዋ ቀስ ብሎ መሬት ያዘ።

«እኔ ለሙሽራህ መስሎኝ ነው እንጂ» አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ።

«ለየትኛዋ ሙሽራ?»

«እንሶስላ ለሞቀችው።»

ምስጋናው ጭኗ ላይ የነበሩትን የጠቆሩ ጣቶች ረጅም ጊዜ አያቸው። «እኔ የማውቀው ግሪስ የሞቀ እጅ ብቻ ነው» አላት።

እስከዳር እጇን አንሥታ መሪው ላይ፣ ከግራ እጁ አጠገብ አኖረችው።

«ንዳ። ቀኙን እኔ እይዛለሁ።»

አጭር መንገድ ያን ያህል የሚያረዝም ሹፌር ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም።

ሽማግሌ ተላከ፣ አባቷም አላንገራገሩም፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሠርጉ ሆነ። እማሆይ በዚያው መኪና መጡ። የብርጓል «የጉንደ ወይኗን ሴት» ለማየት ዳሱን ሰንጥቃ ሮጠች፤ ከሰማንያ ያለፉ አሮጊት ብታገኝ ተሽኮርምማ ስለ ሙሽራው ትከሻ ጠየቀቻቸው።

«ይኼማ ድሮ ድኗል» አሉ እማሆይ።

እስከዳር ወደ ባሏ ዞረች። ምስጋናው የዳሱን ጣሪያ ያያል።

«መቼ ነው የዳነው፣ እማሆይ?»

«መኪናዬን ላሠራ ነውና ልሰናበትዎ ብሎ የመጣ ዕለት፣ የጤፍ ጆንያዬን በዚሁ ትከሻው ተሸክሞ ጎተራ አግብቶልኝ ነው የሄደ።»