የእትዬ ማሪቱ አውራ ጣት

«እኚህ በእውነት ያንተ እናት ናቸው?»

ወንዳፍራሽ ደነገጠ። ቡራዩ ታክሲ ተራ አጠገብ ካለችው ኮፒ ቤት የገባው የእናቱን የእትዬ ማሪቱን የሕይወት ታሪክ ለማስተየብ ነበር። በአርባዋ ድንኳን ውስጥ የሚነበብ ነው።

«አዎ። ምነው?»

«ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ...» ተያቢዋ ልጅ ከወረቀቱ ላይ አነበበች። «በዚህ ሳምንት ብቻ እንዲህ ያሉ አራት እናቶች ተይቤአለሁ።»

ደሙ ፈላ። «በእናቴ ሞት ትቀልጃለሽ?»

ወረቀቱን ነጥቋት ወጣ። ታክሲ ውስጥ አንድ እግሩን እንዳስገባ ሮጣ ደረሰችበት።

«ወንድሜ፣ በማርያም ቆይ! የአባቴ ታሪክ ሲነበብ የሌላ ሰው ቀብር ላይ የቆምኩ ነበር የመሰለኝ። አንተም እንዳይቆጭህ ብዬ ነው...»

«ጌታው፣ ወይ ግባ፣ ወይ ታረቃት!» ሹፌሩ ጮኸ።

ወንዳፍራሽ እግሩን መለሰ።

ልጅቷ ኡርጂ ትባላለች። ኮፒ ቤቷ ውስጥ ወንበር ስባ አስቀመጠችው።

«ደግ ነበሩ አትበለኝ። እጃቸውን አሳየኝ። እጃቸው ምን ይሠራ ነበር?»

«ወተት ቤት ነበራት። ስትረከብ አንድ ጠብታ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ታደርጋለች። ጠብታዋ ካልፈሰሰች ወተቱን ትገዛለች። ከፈሰሰች፣ ‹ውሃህን ሂድና አትክልትህን አጠጣበት!› ብላ ትመልሰዋለች።»

«በቃ! እሱን ጻፈው። ምንም አትጨምርበት። ከዚያ ጮክ ብለህ አንብብልኝ፤ ትንፋሽ ያጠረህ ቦታ ላይ እንቆርጠዋለን።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ሲወጣ እሷ ጋ ነበር። አነበቡ፣ ቆረጡ፣ ሣቁ... አንዳንዴም አብረው አለቀሱ።

በአርባዋ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ አነበበ። ጥፍሯ ጋ ሲደርስ ከመናገሻ ወተት ያመጡላት የነበሩት ኦቦ ቦጂያ ብድግ አሉ።

«ያ ዋቅ፣ አምላኬ! የእኔን ሁለቴ መልሳብኛለች!»

ድንኳኑ በሣቅ ተናወጠ። ከዚያ ሣቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ወንዳፍራሽ ቀና ሲል ሰው ሁሉ የገዛ አውራ ጣቱን ያያል። አፈር የለበሰችው እናቱ በየሰዉ ጥፍር ላይ ቆማለች! ለካ ቃል እንዲህም ይችላል...

ኡርጂ የድንኳኑ በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

«ወንዴ... ሳላውቃቸው ናፈቁኝ።»

«አንቺ ደግሞ እያየሁሽ ትናፍቂኛለሽ።» ሳያስበው አመለጠው። አንገቱን ደፋ። «አንቺስ... እኔን እንዴት ታዪኛለሽ?»

«ስታፍር ግራ ጆሮህን ትነካለህ» አለችው ቀስ ብላ። «ደስ ሲልህ ደግሞ ከፊትህ በፊት ትከሻህ ይሥቃል።»

እጁ ጆሮው ላይ ነበር። እነዚያን ቀናት ሁሉ እሱ እናቱን ሲፈልግ፣ እሷ እሱን ስታነብ ኖራለች!

የሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥር ተጋቡ።