ሃምሳኛው ሸክላ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን ሰዓቱን ሳይቀር አስታውሳለሁ... ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

"ሌሊት ነበር፣ መብራት ጠፋ፣ ውሻ አላዘነ" ብዬ ብጀምርላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልነበረም።

የጥር ሙቀት ነው። የሱቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የባሕር ወፎቹ መንገድ ላይ በወደቀ ድንች ጥብስ ይጣላሉ።

ቦታው ፖርት ኬምብላ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ከብረት ፋብሪካው ወረድ ብሎ፣ የአጎቴ የክሌም የአሮጌ ሙዚቃ ሸክላ ሱቅ ነው።

ብሮንዊን እባላለሁ። አስራ ሰባት ዓመቴ ነው። እኔና ትምህርት ቤት ከተለያየን ሁለት ዓመት ሆነን፤ ማናችንም አላለቀስንም።

ሸክላ እሰበስባለሁ። ደህና ደህናውን አይደለም... ማንም የማይፈልገውን። የወፍ ጩኸት ብቻ የተቀዳበት፣ የጥርስ ሐኪም ልጆችን የሚመክርበት፣ እንደዛ ያለውን። ክሌም "አንቺ የሸክላ ቆሻሻ ገንዳ ነሽ" ይለኛል። ካንተ ነው የወረስኩት እለዋለሁ።

እናቴ ጥላኝ ስትሄድ ያሳደገኝ እሱ ነው። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ ሸክላ እንዳይመስላችሁ። ስለ ክሌም ነው።

ክሌም በወጣትነቱ ፓንክ የሚባለውን ጩኸታም ሙዚቃ የሚጫወቱ ባንዶችን ፎቶ ያነሳ ነበር። ፀጉራቸውን እንደ ጃርት ያቆሙ፣ ጉንጫቸውን በመርፌ ቁልፍ የወጉ ልጆች ሲዘሉ፣ ሲወድቁ፣ ሲተፋተፉ... እሱ መሐላቸው ገብቶ፣ ቢራ እየተደፋበት፣ ቀጭ።

በ1981 እዚሁ ከተማ፣ የሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ አንድ ባንድ ተጫወተ። ዘፋኟ ማርላ ትባላለች። ሙዚቃው እየተቀዳ ነበር። ክሌም ማይክሮፎኑ ሥር ተለጥፎ ሠላሳ ስድስት ፎቶ አነሳ። አንድ ፊልም ሙሉ።

ሲያልቅ ማርላ ላቧ እየተንጠባጠበ ወደ እሱ መጣች።

"አንድ ብቻ አንሳኝ። ለብቻዬ።"

ኪሱ ውስጥ ሌላ ፊልም ነበረው። ግን ደክሞት ነበር። ፊልም የለኝም አላት።

እሺ ብላ ልትታጠብ ወደ ባሕሩ ወረደች።

አልተመለሰችም። ሬሳዋም አልተገኘ።

ያ ቅጂ በኋላ በሃምሳ ሸክላ ታተመ። ነጭ ወረቀት የተለጠፈባቸው፣ ከአንድ እስከ ሃምሳ በእስክሪፕቶ ቁጥር የተጻፈባቸው። ጆሮ ላለው ሰው ከጊታሩ ሥር የክሌም ካሜራ ይሰማል። ቀጭ... ቀጭ... ሠላሳ ስድስት ጊዜ።

ክሌም ዕድሜውን እነዚህን ሸክላዎች ሲለቅም ጨረሰ። አርባ ዘጠኙን አገኘ። እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ያጫውተዋል፣ በጣቱ ይቆጥራል። ሠላሳ ስድስት ላይ ሲያበቃ ትከሻው ዝቅ ይልና ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል።

ምን እንደሚጠብቅ ጠይቄው አላውቅም። ሠላሳ ሰባተኛዋን ቀጭ እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

ሐኪሙ ልብህ ዝሏል፣ ሱቁን ዝጋና እረፍ ብሎታል። እሱ ሃምሳኛው ሲገኝ እዘጋለሁ ይላል። እንቅልፍ የለውም። ሌሊቱን ወንበር ላይ ያነጋል። እኔም እሱ እንዲተኛልኝ ብዬ ያንን የተረገመ ሸክላ በየሰዉ ጋራዥ ስፈልግ ኖርኩ።

አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቆኛል። ካገኘሽው እንዳታጫውቺው፣ መጀመሪያ እኔን ጥሪኝ ብሎኛል።

ያን ማክሰኞ ቬስና መጣች። የመቄዶንያ ሴት ናት፣ ከኛ መንገድ በላይ ነው ቤቷ። የሞተ ወንድሟን ሸክላዎች በካርቶን ተሸክማ፣ እያለከለከች።

ከካርቶኑ ሥር አንድ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ።

ፎጣው እርጥብ ነው።

"ውሃ ፈሶበት ነው?" አልኳት።

"ጣሪያ ሥር ነበር የተቀመጠው። ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ማን ውሃ ያፈስበታል?"

አሸተትኩት። ባሕር ባሕር ይላል።

ፈታሁት። ነጭ ወረቀት። በእስክሪፕቶ... 50።

ክሌም ጓዳ ተኝቷል። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ እንቅልፉ ነው፤ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። ልቀስቅሰው?

አሳዘነኝ። ደግሞ በኛ ሙያ ሸክላ መርፌ ሳይነካው አይገዛም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ራሱ ነው ያስተማረኝ። እጄ ከጭንቅላቴ ቀደመ... ጠራረግኩት፣ አስቀመጥኩት፣ ድምፁን ቀንሼ መርፌውን አወረድኩ።

ዘፈኑ ያው ነው። ጩኸቱ ያው ነው። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

ቀጭ... አንድ። ቀጭ... ሁለት።

አስራ አንድ ላይ ቀና አልኩ።

የክሌም ካሜራ ከግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ያን ምሽት ፊልሙን ካወጣበት ወዲህ ነክቶት አያውቅም። ሸክላው ቀጭ ባለ ቁጥር የካሜራው ቆጣሪ አንድ ቁጥር ወደፊት ይሄዳል።

ዓይኔን አሸሁ። አስራ ሁለት... አስራ ሦስት።

ዘፈኑ መሐል ደግሞ አንዲት ሴት አሳለች። ሁለት ጊዜ፣ ከዛ "ኡፍ" አለች።

ወዲያው ቬስና አሳለች። ሁለት ጊዜ። ከዛ "ኡፍ... ሙቀቱ" አለች።

ሸክላው ቀድሟት ነበር።

መርፌውን ላንሳው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እጄ እንቢ አለኝ። ሠላሳ አራት... ሠላሳ አምስት... ሠላሳ ስድስት።

ጊታሩ ቆመ። ሸክላው እየዞረ ነው። የጓዳው ማንኮራፋትም ቆሟል።

ከዛ ከማጫወቻው በሹክሹክታ...

"አንድ ብቻ።"

ዞር ስል ክሌም ጓዳው በር ላይ ቆሟል። በባዶ እግሩ። ሸሚዙ ደረት ላይ የምሳው የቲማቲም ሶስ ፈሶበታል።

"ስንት ቆጠርሽ?"

"ሠላሳ ስድስት።"

"ብሮን..."

"ሠላሳ ስድስት ነው አልኩህ። ሂድና ተኛ።"

አልሄደም። ካሜራውን ከግድግዳው አወረደ።

"አጎቴ፣ ባዶ እኮ ነው። ፊልም የለውም።"

"ያኔም እንደዛ ነበር ያልኩት" አለ።

ካሜራውን ወደ ተከፈተው በር አነጣጠረ። በሩ ላይ ማንም የለም። ፀሐይ ብቻ።

ደረጃውን ግን አየሁት። እንቁላል የሚጠብስ ሲሚንቶ ነው... ረጥቧል። የሁለት እግር ቅርፅ። ጣቶቹ ወደ እኛ።

"ትንሽ ወደ ብርሃኑ" አለ ክሌም በለሰለሰ ድምፅ። እኔን አልነበረም።

ቀጭ።

ሸክላውም እኩል... ቀጭ።

ካሜራውን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝና ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። "አሁን እንቅልፌ መጣ" አለ፣ ከሥራ እንደገባ ሰው። ቬስና ምንም አላየችም። ተይው ይተኛ ምስኪን አለችኝ። ተውኩት።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ይዤለት ሄድኩ። ጉንጩን ነካሁት።

በርዶ ነበር።

ሐኪሙ ልቡ ነው፣ ሙቀቱ ነው አለ። አልተከራከርኩም። ለመከራከርም ጉልበት ያስፈልጋል።

ከቀብሩ ሦስት ቀን በኋላ ሱቁን ለመዝጋት ዕቃ ስሰበስብ የካሜራውን የፊልም መጠቅለያ እጀታ አዞርኩት። ባዶ ቢሆን በቀላሉ ይዞር ነበር። ያዝ አደረገኝ።

ፊልም አለው።

ክሌም እንዳስተማረኝ መታጠቢያ ቤቱን አጨልሜ ራሴ አጠብኩት። ሠላሳ ስድስቱ ባዶ ናቸው። ከጫፉ ላይ ግን አንዲት ፎቶ አለች።

የሱቃችን በር። የቀን ብርሃን። ፀጉሯን እንደ ጃርት ያቆመች ልጅ፣ ከልብሷ ውሃ እየተንጠባጠበ ትስቃለች። ክንዷን የክሌም ትከሻ ላይ ጥላለች። ክሌም ሸሚዙ ላይ ያ ሶስ አለ። እሱም ይስቃል። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዛ አርፎ አይቼው አላውቅም።

ያን ቀን ካሜራውን የያዘው ግን ክሌም ነበር።

ፎቶዋ ዳር ላይ እኔም አለሁ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ፎቶ የሚያነሳውን ቀና ብዬ አያለሁ።

ፊቴን ደጋግሜ አየሁት... የማውቀውን ሰው የምመለከት አልመስልም።