የታሰረው ወንዝና የኤልዳር እህቶች

በኤልዳር ምድር፣ ታላቁ የሸለን ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ስፍራ፣ አንድ ቀን ማለዳ ባሕሩ ሽቅብ ፈሰሰ። ማዕበል አልነበረም፤ ነፋስም አልነፈሰም። ጨዋማው ውኃ እንደ ወራሪ ሠራዊት በዝምታ የወንዙን ጉሮሮ ይዞ ወጣ። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ሲጠጣው የኖረው የመቅደሱ ምንጭ መረረ። ሸርጣኖች ከጭቃው ወጥተው በመቅደሱ ደረጃ ላይ ተደራርበው ሞቱ። ሥራቸውን ውኃ ውስጥ የተከሉት አረንጓዴ ዛፎችም በአንድ ሳምንት ቅጠላቸውን አራገፉ።

የውኃ ጠባቂው ሽማግሌ አባ ዶሪም በትራቸውን ተደግፈው በባሕሩ ዳር ቆሙና ለተሰበሰበው ሕዝብ ተናገሩ።

«ልጆቼ፣ ስሙኝ! ባሕሩ አልተቆጣብንም። የገባብን ወንዙ ስለደከመ ነው። ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው፣ ጫጩቱም የሚያድገው፣ ጣፋጩ ውኃ ከጨዋማው ጋር በሚገናኝበት በዚህ ጭቃችን ላይ ነው። የተራራው ንጉሥ ሐዝራ ግን በላይ ያለውን የሸለንን የግንብ በር ዘግቶታል። ሦስት ክረምት መጥቶ ሄደ፤ ለእኛ አንድም ጎርፍ አልደረሰን። የጫጩቶቹ ወራት ሳያልፍ ሰው ሄዶ በሩን ማስከፈት አለበት። አለዚያ ኤልዳር የሙታን አሸዋ ትሆናለች!»

ናሆላ ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። በኤልዳር ከእሷ የሚስተካከል ቀዛፊ አልነበረም፤ ጦር ስትወረውርም ዒላማ አትስትም። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። ትከሻዋን አቅንታ ወደ ፊት ራመድ አለች። የሽማግሌው እጅ ግን አልፏት ሄዶ በታናሽ እህቷ በሚርሳን ራስ ላይ አረፈ።

«ሚርሳን ትሂድ» አሉ። «ምላሷ ውኃውን ያውቃል።»

እውነት ነበር። ሚርሳን ጣቷን ነክራ ስትቀምስ፣ ከውኃው ምን ያህሉ የወንዝ፣ ምን ያህሉ የባሕር እንደሆነ፣ የትኛው ዓሣ ሊኖርበት እንደሚችልም ትናገር ነበር። አባ ዶሪም ከነጭ ዛጎል የተቀረጸውን ጥንታዊ ቁልፍ በአንገቷ ላይ አሰሩላት። በሩን የሠሩት የተራራውና የኤልዳር አባቶች በአንድነት ስለነበሩ፣ አንዱ ቁልፍ በኤልዳር ይቀመጥ ነበር።

«አንቺ ናሆላ ደግሞ ቀዛፊዋ ትሆኛለሽ» አሏት።

ናሆላ በሕዝብ ፊት ፈገግ ብላ የእህቷን ጉንጭ ሳመች። ውስጧ ግን ፍም እንደዋጠ ሰው ይቃጠል ነበር። ቀዛፊ! ሁለቱም እጃቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው፣ «ወንዙ ሳይፈታ ፊታችንን ወደ ቤት አንመልስም!» ብለው ማሉ፤ ጉዞውም ተጀመረ።

ዘጠኝ ቀን ሽቅብ ተጓዙ። ወንዙ በጣም ከመድረቁ የተነሳ ብዙውን መንገድ ጀልባቸውን በደረቅ ጠጠር ላይ ጎተቱ። በስድስተኛው ቀን፣ ጎርሞን በሚባል ገደል ሥር፣ ከቀረው ጥቂት ውኃ ውስጥ ቁርዳን ተነሣ። ቁርዳን ዐይን የሌለው፣ ርዝመቱ ሦስት ጀልባ የሚያህል የጭቃ አውሬ ነው። ወንዙ ሲጎድል ምግብ አጥቶ በዳርቻው ያሉትን መንደሮች ሲፈጅ ከርሟል። ናሆላ ከጀልባው ዘልላ ወርዳ፣ እስከ ወገቧ ጭቃ ውስጥ ሰጥማ፣ ጦሯን በጉሮሮው ሰደደችው። አውሬው ከመሞቱ በፊት ሲወራጭ የግራ ክንዷን እስከ አጥንቱ ሰነጠቀው።

በገደሉ አናት ያለ መንደር ሰዎች እልል እያሉ ወረዱ። የዛጎሉን ቁልፍ ባዩ ጊዜ ግን ሁሉም በሚርሳን እግር ሥር ወደቁ። ሚርሳን «እኔ አይደለሁም! እሷ ናት!» እያለች ብትጮህም የሰማት አልነበረም። ናሆላ ደሟን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ከዳር ቆማ አየች።

በማግሥቱ ናሆላ የቆሰለ ክንዷን አስራ በቀኝ እጇ ስትቀዝፍ፣ ሚርሳን «እትዬ፣ ተቀይመሽኛል?» አለቻት።

«አልተቀየምኩም።»

«ታዲያ ለምን አታናግሪኝም?»

«እየቀዘፍኩ ነዋ! መቅዘፍ የሚችል ሰው ሲቀዝፍ አያወራም።»

ሚርሳን አንገቷን ደፋች። ናሆላም መልሷ እህቷን እንዳቆሰላት አውቃ ደስ አላት፤ ደስታዋም አሳፈራት።

በዘጠነኛው ቀን ከበሩ ደረሱ። ከግንቡ በስተጀርባ የታሰረው ውኃ ተራሮቹን ሞልቶ ተኝቷል። ንጉሥ ሐዝራ፣ ጠጉሩ የነጣ፣ በቀኝ እጁ የብረት አምባር ያጠለቀ ሰው፣ በግንቡ አናት ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሚርሳን ተንበርክካ፣ «ንጉሥ ሆይ፣ ሁሉን አንለምንዎትም» አለች። «በጫጩቶቹ ወራት፣ በልክ፣ ውኃው በበሩ መለኪያ ምሰሶ ላይ እስከ ሦስተኛው ድንጋይ ድረስ እንዲፈስ ብቻ ነው።»

ሐዝራ ተነሣ። «ከሦስት ዓመት በፊት ሚስቴ ኢልማ በዚህ ወንዝ ባሕሩን ልታይ ወረደች። ባሕሩም አስቀራት። እኔ ይህን የበሩን ጠባቂ አምባር ያጠለቅሁ ነኝ፤ ፈቅዶ የሚረከበኝ ካልተገኘ እስክሞት ከበሩ አልርቅም። መቃብሯን እንኳ አላየሁም! እሷን የወሰደ ባሕር ወንዜንም ይውሰድ? አንዲት ጠብታ አይቀምስም! ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአገሬ ውጡ።»

ጎህ ሲቀድ ናሆላ ቁልፉን ከተኛችው እህቷ አንገት ፈታች። «ልመናዋ ከሸፈ» አለች በልቧ። «ኤልዳርን ያዳነች ተብሎ የሚጠራው የእኔ ስም ይሆናል።» ወደ ግንቡ ወጥታ ቁልፉን ከተተችና ትልቁን የብረት መዘውር እስከ መጨረሻው አዞረችው። በሩ አጓራ። ሦስት ዓመት የታሰረው ውኃ በአንድ ጊዜ ተወረወረ።

ሚርሳን በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። «እትዬ ዝጊው! ውኃው ሁሉ ከወረደ ጫጩቶቹን ጠራርጎ ወደ ጥልቁ ባሕር ይወስዳቸዋል! ጨው የለመደው ዛጎል ሁሉ ያልቃል!»

ናሆላ መዘውሩን መለሰችው፤ አልታዘዛትም። ቁልፉ በሩን ይከፍታል እንጂ አይዘጋም፤ ለመዝጋት የሚታዘዘው አምባሩን ላጠለቀ ብቻ ነበር። ሐዝራም ደረሰ፤ እጁን በመዘውሩ ላይ ጭኖ ፈጽሞ ሊዘጋው ጀመረ። ናሆላ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። የሚወርደውን ውኃ የሚመለከተው፣ እሷ በእህቷ አንገት ላይ ያለውን ቁልፍ ስትመለከት በነበረበት ዐይን ነው።

«ንጉሥ ሆይ!» አለች እጁን ይዛ። «እኔም እንደ እርስዎ ነኝ። ለእህቴ የተሰጣትን ክብር ለመቀማት ስል አገሬን ላጠፋ ነው። አምባሩን ለእኔ ይስጡኝ። እርስዎ ወደ ባሕሩ ይውረዱና ሚስትዎን ያልቅሷት።»

ንጉሡ ወደ እሷ ዞረ። «ባሕሩን ዳግመኛ እንደማታዪው ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እትዬ፣ አይሆንም!» ሚርሳን ወገቧን አቅፋ ያዘቻት። «እኔ ልቅር! የተመረጥኩት እኔ ነኝ!»

«አንቺ ከቀረሽ እዚያ ውኃውን ማን ይቀምሰዋል?» አለቻት ናሆላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምሬት የተናገረችው ይህን ነበር። ሐዝራ እያለቀሰ አምባሩን አውልቆ በቆሰለ ክንዷ ላይ አጠለቀላት። መዘውሩን በትከሻዋ ገፋችው፤ ታዘዛት። ውኃው ቀስ በቀስ ጎድሎ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ረጋ።

የመጀመሪያው ደራሽ ውኃ የምዕራቡን ዳርቻ ጫጩቶች በሙሉ ጠርጎ ወስዶ ነበር፤ ያን ዓመት በዚያ ወገን ያሉ መንደሮች ተራቡ። በምሥራቁ ዳርቻ ግን ጨውና ጣፋጭ ውኃ እንደ ጥንቱ ተዋሐዱ፤ ዛፎቹ አቆጠቆጡ፤ ምንጩም ተጠጣ። ሐዝራ ከሚርሳን ጋር ወርዶ፣ እስከ ደረቱ ባሕር ውስጥ ገብቶ፣ የሚስቱን ስም ሲጠራ ዋለ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ የኤልዳር አዝማሪ በበሩ በኩል አለፈ። ጠባቂዋ ማን እንደሆነች ሳያውቅ፣ ወንዙን ስለፈታችው ስለ ሚርሳን ረጅም ዘፈን ዘፈነላት። ሚርሳን በየአደባባዩ የእህቷን ስም ብትናገርም፣ ዘፈኑ ቀድሟት አገር አዳርሶ ነበር። ናሆላ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ፍሙ አሁንም በደረቷ ውስጥ ነበር፤ አቃጠላት።

«ግሩም ዘፈን ነው» አለችው። «ዓሣውስ? አለ?»

«ምን ማለትሽ ነው! ጀልባው አልችል ብሏል እኮ። ዘንድሮ ምዕራቡም ሞልቷል።»

ናሆላ ዐይኗን ጠረገች። ከዚያም፣ የጫጩቶቹ ወራት ገብቶ ነበርና፣ ተነሥታ በሩን ልትከፍት ሄደች።