የዓርብ ሂስ

ምትኩ መጀመሪያ ያናገረኝ ጥፋት ሊፈልግብኝ ነው።

«የሺ፣ ለዓርብ ምን ልበልሽ?» አለኝ፣ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ እንደ እርሳስ ሰክቶ።

«ምን ልትለኝ?»

«ሂስ ነዋ! ሁሉም የሚሄሰውን ጓድ ይዞ ጨረሰ። ጋሽ ዘውዱም እትዬ ፈንታነሽን ያዙ። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

«ከገበያ የተረፈ ጎመን አስመሰልከኝ እኮ።»

«ኧረ እንደሱ አይደለም...» ብሎ እስከ ጆሮው ቀላ። ካቻቪቴው ወደቀ። ያን ቀን ወደድኩት ብል ውሸት ነው፤ ግን ካቻቪቴውን ጎንበስ ብዬ ያነሳሁለት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ለማንም ጎንበስ አልልም።

ጊዜው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ከፋርጣም ከእስቴም ከደራም የገበሬ ማኅበራቱ ሬዲዮ ድምፁ በተዘጋ ቁጥር በበቅሎ ተጭኖ ደብረ ታቦር፣ እኛ ዘንድ ይመጣል። የታቦር ሬዲዮ ጥገና ኅብረት ሥራ ማኅበር ይባላል ቤታችን። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ የአጎቴን ሬዲዮ ፈታሁት፤ አበላሸሁት፤ ተገረፍኩ፤ እስኪናገር ድረስም አልተውኩትም።

የሥራ አስኪያጃችን ስም ጓድ ጓንጉል ነው። ከእርሻ መሣሪያ መጋዘን ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። «እዚህ አለቃ የለም፤ አንቱታ የፊውዳል ነው» ይለናል፤ አንተ ያለውን ሰው ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲያኮርፈው ይሰነብታል። የመበየጃ ካውያችንን እንድናግልባት የተገዛችው አንዲት የከሰል ማንደጃ እሱ ቢሮ ውስጥ እግሩን ታሞቃለች። አንዲት ሽቦ ለመበየድ በሩን አንኳኩቶ፣ «ጓድ፣ ይቅርታ» ብሎ መግባት ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሥራ ይቆማል፤ ሂስና ግለ ሂስ ነው። እያንዳንዱ ሰው ተነስቶ የአንድ ጓዱን ጥፋት መናገር አለበት። የማይናገር አድርባይ ነው። የተነገረበት ይቆምና «ሂሱን ተቀብያለሁ፣ እታረማለሁ» ይላል፤ በዚሁ ያበቃል። ያልተቀበለ ሰው ምን እንደሚሆን አናውቅም፤ እምቢ ያለ አልነበረማ። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሎ እየቆረጠምን፣ ጥቃቅን ጥፋት እንከፋፈላለን። ማንም ማንንም እንዳይጎዳ።

«ትዕቢተኛ ናት በለኝ» አልኩት ምትኩን።

«እሱንማ ከተማው ያውቀዋል። አዲስ ነገር ስጪኝ።»

«ራስህ ፈልግ።»

ዓርብ ተነሳ። «ጓድ የሺ ሥራ ላይ ታንጎራጉራለች። በዚህም የጓዶችን ሐሳብ ትበትናለች።»

«የየትኛውን ጓድ?» አለ ጓንጉል።

ምትኩ ካቻቪቴውን ከጆሮው ነቀለ። እትዬ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ተነሳሁ። «ሂሱን ተቀብያለሁ፣ እታረማለሁ» አልኩ። በማግስቱ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንጎራጎርኩ።

በሳምንቱ ተራው የኔ ሆነ፤ «ጓድ ምትኩ የያዘውን ሥራ ትቶ ወደ ጎን ያያል» አልኩ። ጋሽ ዘውዱ ሳል ያዛቸው። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ ሌላው ሰው በጽጌረዳና በግጥም የሚነጋገረውን እኛ በሂስ ተነጋገርነው።

አንድ ቀን ሰዉ ሁሉ ለቅሶ ሄዶ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ጣራው ላይ ዝናብ ይወርዳል። የወንዛዬ ገበሬ ማኅበር ሬዲዮ አጭር ሞገድ አልይዝ ብሎኝ ቀስ እያልኩ መርፌውን ስገፋ፣ ከሱዳን በኩል አንድ ዘፈን ብቅ አለ። ቋንቋውን አላውቀውም። ሴትዮዋ ግን የሆነ ነገር ጠፍቶባት የምትፈልግ ይመስል ነበር። ሊያመልጠኝ ሲል ምትኩ የጣቢያ ማዞሪያውን ያዘልኝ። እጁ እጄ ላይ ሆነ።

ዘፈኑ አለቀ። በዚያው ጣቢያ አንድ ሰውዬ በአማርኛ መንግሥትን መራገም ጀመረ።

«የሺ፣ ልዝጋው?»

«እጅህን ሳታነሳ መዝጋት ከቻልክ ዝጋው።»

አልዘጋውም። ሰውዬው ምን እንዳለ ዛሬ አንዲት ቃል አላስታውስም። የእጁን ሙቀት ግን አስታውሳለሁ፤ እጄን ላሙቅ ብዬ ለዚያች ማንደጃ ማንኳኳት ያቆምኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ከበሩ ውጭ ኮቴ የሰማሁ መሰለኝ። ዝናብ ነው አልኩ።

ከፋሲካ በኋላ አባቱ ከሐሙሲት ሽማግሌ እንዲልኩ ተስማማን። እናቴ፣ ነገሩን ሳልነግራት አውቃ፣ ጥጥ መፍተል ጀመረች።

«ለማን ነው እማዬ?»

«ለሚበርዳት ሰው» አለችኝ።

ፋሲካ ሲቃረብ ለአንድ ሰው የአዲስ አበባ ስልጠና መጣ ተባለ። በዚያው ሰሞን ጓንጉል ምትኩን ቢሮው ጠራው። ምትኩ ካውያውን ይዞ ገባ፤ ሲወጣ ካውያው ቀዝቃዛ ነበር። ማንደጃዋ አጠገብ ያን ያህል ቆይቶ ካውያውን ሳያግል መውጣቱን አየሁ፤ አየሁና ዝም አልኩ።

ሐሙስ ባሕር ዛፉ ሥር፣ «ሰኞ ሰኞ ታረፍዳለች በለኝ» አልኩት።

«እሺ።»

«ምነው? ቆሎው ጥርስህ ገባ?»

«ምንም።» ወደ ጎን አላየም። መሬቱን ነው ያየው።

ዓርብ ምትኩ ሲነሳ እኔ ፈገግታዬን ለመደበቅ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

«ጓድ የሺ» አለ፤ ድምፁ እንደተበላሸ ሬዲዮ እየተቆራረጠ፤ «ለጥገና በመጣ የሕዝብ ሬዲዮ... የጠላትን ጣቢያ ከፍታ ስታዳምጥ... አግኝቻታለሁ።»

የጋሽ ዘውዱ እጅ ከጉልበታቸው ላይ ሲንሸራተት አየሁ። ጓንጉል አልደነገጠም። እንደሚያውቀው ዘፈን እጁን አጣጥፎ ያዳምጥ ነበር።

«ጓድ የሺ፣ ሂሱን ተቀብለሻል?»

ምትኩ ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ተቀበዪ፣ ተቀበዪ እያለ።

አንድ ቃል ነበር። «ተቀብያለሁ» ብቻ። «አብሮኝ ነበር» ማለትም ከዚያ ብዙ አይረዝምም። ሁለቱም አፌ ላይ ደረሱ። ግን ያ ሰዓት፣ ያ ዝናብ፣ ያ እጅ የሁለታችን ነበር። እሱ ድርሻውን አውጥቶ ለስብሰባው ሰጠ። የኔን ድርሻ አልሰጥም።

«አልተቀበልኩም» አልኩ። «ሬዲዮ ሠራሁ። ሬዲዮው ዘፈነ። ዘፈን አዳመጥኩ። ሌላ የምለው የለኝም።»

«ቁጭ በይና አስቢበት» አለ ጓንጉል።

«ቆሜም ማሰብ እችላለሁ።»

እትዬ ፈንታነሽ፣ «ኧረ ልጄ፣ ኧረ በማርያም!» አሉ። ማርያምም ስብሰባ ላይ አትጠራም ነበርና እሳቸውም ተገሠጹ።

በማግስቱ ቀበሌ አሰሩኝ። እናቴ በየቀኑ ምሳ ይዛልኝ ትመጣ ነበር፤ ስለ ጥጡ ግን ትንፍሽ አላለችም። ፋሲካ አለፈ፤ ሽማግሌዎቹ አልመጡም። ምትኩ ለስልጠና አዲስ አበባ መሄዱን የነገሩኝ ጋሽ ዘውዱ ናቸው። ነግረውኝ ሲያበቁ፣ «በርቺ ልጄ» እንኳ ሳይሉ በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ። ክረምቱ ሲገባ ለቀቁኝ፤ ከሥራ ተሰናብቻለሁ።

ሰው ከሚያየኝ ከተማ፣ ሰው ሬዲዮውን ብቻ የሚያይበት ቦታ ይሻለኛል ብዬ ሐሙሲት ወረድኩ። የእሱ አገር መሆኑን ረስቼው ነው ብል አትመኑኝ። በገበያ ቀን ጠረጴዛዬን ዘርግቼ የገበሬውን ሬዲዮ እሠራለሁ። ማንደጃዬ የራሴ ናት።

ሁለት ክረምት አልፎ አንድ የገበያ ቀን ከጠረጴዛዬ ማዶ ካኪ የለበሰ ሰው ቆመ። ጓንጉል በሹመት አድጎ ወደ ጎንደር ሄዷል፤ በእሱ ቦታ ምትኩን አድርገውታል። ሰምቼ ነበር።

«የሺ።»

«ሬዲዮ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«እንግዲያው ብርሃኑን አትከልክለኝ።»

ፈቀቅ አለ፤ ግን አልሄደም። «ያን ቀን ጓንጉል በር ላይ ቆሞ አይቶናል። ወይ አንተ በሂስ አቅርባት፣ እዚሁ ተቀብላ ይለቅ፤ ወይ ሁለታችሁንም ለደኅንነት አሳልፌ እሰጣለሁ አለኝ። ተቀበልኩ ብትይ ኖሮ ያልቅ ነበር፤ በአንድ ቃል! አንቺን ላድን ብዬ ነው።»

ካውያዬን ከፍሙ አነሳሁ። እውነቱን እንደሚናገር አወቅሁ። ይህ ነው የባሰብኝ።

«ስልጠናውስ? እሱም እኔን ለማዳን ነው?»

መሬቱን አየ። አንድ በግ ጎታች በመሀላችን አለፈ።

«ብነግርሽ እሺ ትይ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«አልልም ነበር።»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።»

«ለዚህ ነው የማላገባህ።»

እንባው መጣ። የኔም ሊመጣ ነበር፤ የካውያው ጭስ ነው እንዲባል ወደ ሥራዬ ጎንበስ አልኩ።

«ወንበርሽን ለማንም አልሰጠሁትም» አለኝ። «ማንደጃዋንም አውጥቼ መሀል አድርጌያታለሁ። ነይ።»

እውነት ለመናገር፣ ልቤ ተነስቶ ነበር። ወንበሬ፣ መስኮቱ፣ ወደ ጎን የሚያይ ሰው።

«ምትኩ፣ ዓርብ ዓርብስ? አሁንም ትሰበሰባላችሁ?»

ወደ ገበያው ዞር አለ። ከዚያ የካኪውን ቁልፍ እየነካካ፣ «መመሪያ ነው» አለ።

ልቤ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሲሄድ በገበያው መሀል እስኪጠፋ በዓይኔ ሸኘሁት። አንድ አዛውንት ገበሬ ሬዲዮዋቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «እስቲ ትናገር እንደሆን ስሚያት ልጄ» አሉኝ። አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስገባሁና መርፌውን በአጭሩ ሞገድ ላይ ቀስ አድርጌ ገፋሁ። ከጩኸቱ መሀል ከሩቅ አንዲት ሴት ዘፈነች፤ ዛሬም የጠፋባትን አላገኘችም።

«ይቺ ደግሞ ምን ትላለች?» አሉ አዛውንቱ።

«አላውቅም አባቴ» አልኳቸው፤ ማዞሪያውን ግን በሁለት እጄ ያዝኩት።