የጋሽ ካሣ የቅዳሜ ብርጭቆ

ጋሽ ካሣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቡና ቤቱ ውስጥ በተከራየው ክፍል፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው የቡና ቤቱ ባለቤት እቴናት ናት። ጮኻ ጎረቤት ሳትጠራ የቀበሌው ካድሬ ጓድ ውብሸት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ከተፍ አለ። ማን ጠራው? የአሰብ ሙቀት አናት ያዞራል፤ ያን ሰዓት ይህን የጠየቀ አልነበረም።

«መርዝ ነው!» አለ ገና ከደጃፉ። «ይቺ አድኃሪ በቅኝ ገዢ መጠጥ መርዛ ገደለችው። ፖሊስ ወረቀቱን እንደጨረሰ ይዣት እሄዳለሁ።»

በ1971 ዓ.ም. «ይዣት እሄዳለሁ» ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሄዶ የተመለሰ የለማ! እቴናት ወደ ግድግዳው ሸሸች።

ፖሊሱ ሻምበል ወሰኔ ቀጭን ሰው ነው፤ ቀበቶው ሁለት ዙር ሊዞረው ምንም አልቀረውም። ሟቹ ላይ ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን አሸተተ፤ ዓይኑን ገልጦ አየ፤ ከጥርሱ መሃል አንዲት ቀይ ክር በጣቱ መዘዘ። ጠረጴዛው ላይ እንደ ወተት የነጣ ብርጭቆ ሳይነካ ተቀምጧል። አጠገቡ ባለሁለት ቧንቧ የመስታወት ማሰሮ አለች።

እቴናትን ወደ ጓዳ ወሰዳት። «ወይዘሮ እቴናት፣ ይህ ነገር እንዴት ነው የሚጠጣው?»

«እሱ አብሳንት ይለዋል፤ ለእኔ አሪቲ አሪቲ የሚል አረንጓዴ አረቄ ነው። መርከብ ወደብ ሲያስገባ በነበረበት ዘመን አንድ ፈረንሳይ አስተማረው። ትንሽ ይቀዳል። ብርጭቆው አፍ ላይ የተበሳሳች ማንኪያ ትጋደማለች፤ ማንኪያዋ ላይ ኩብ ስኳር። ከዚያ የበረዶ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይልበታል። ስኳሩ እየሟሟ ሲወርድ አረንጓዴው ይነጣል።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሩብ ሰዓት።»

«ቧንቧውን መቼ ነው የሚዘጉት?»

«እኔ እንጃ፣ በረዶና ውሃ አቅርቤ እወጣለሁ። ‹ሰዓቱን የማያውቅ ያሰጥመዋል› ሲል ብቻ እሰማለሁ።»

«ዛሬ ስንት ብርጭቆ ሰጠሽው?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንደ ወትሮው ሁለት። ቅዳሜ ቅዳሜ በባሕሩ በኩል ባለው በር የሚገባ እንግዳ ነበረው። አይቼው አላውቅም። በዚህ ዘመን ማን ይጠይቃል፣ ሻምበል?»

ሁለተኛው ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ነበር። ሻምበሉ ሲያነሳው ጠብታ ጣቱ ላይ ወረደ። «እኔ አላጠብኩትም» አለች እቴናት።

ቤቱ ያደረው የከባድ መኪና ሾፌር ዓለምዘውድ ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጯጩኾ ነበር። «ሬዲዮኑን ቀንስልኝ ብዬው ነው እንጂ!» አለ እጁን እያወናጨፈ።

«ከመጠጡ ቀምሰህ ታውቃለህ?»

«አንድ ቀን እንደ ቢራ ጨለጥኩበት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ እኮ!»

«ጓድ ውብሸትስ?»

«እኔ?» ካድሬው ተንጎራደደ። «የኢምፔሪያሊስት አተላ በአፌ አይዞርም! ከሟቹ ጋር ሲጠጡ የተገኙትን ሁለት ወዛደሮች ባለፈው ወር ያሰርኩት እኔው ነኝ።» ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ መርሻ፣ አንገቱን ደፋ፤ ከታሳሪዎቹ አንዱ ወንድሙ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻምበሉ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበ። አስከሬኑ ጥግ ላይ ባለው አልጋ ነጠላ ለብሷል። ለካድሬው በአክብሮት ወንበር ስቦ ከማሰሮዋ አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ አዲስ ብርጭቆ አዘጋጀ፤ አረንጓዴውን ቀዳ፣ ማንኪያውን አጋደመ፣ ስኳሩን አስቀመጠ፣ ቧንቧውን ከፈተ። ጠብ፣ ጠብ። ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም እንዴ፣ አለች እቴናት በልቧ።

ይባስ ብሎ የሟቹን ብርጭቆ አነሳና ጨለጠው።

«በስመ አብ!» ጮኸች እቴናት።

«አይዞሽ፣ መርዝ የለበትም። ጋሽ ካሣ አልጋው ላይ ባለው ቀይ ትራስ ታፍኖ ነው የሞተው፤ ክሩ ጥርሱ ውስጥ ነበር። ከዚህ መጠጥ አልቀመሰም፤ ከንፈሩ አይሸትም። ስለዚህ የታፈነው ውሃው ገና ሲንጠባጠብ ነው።»

«ልብ ወለድ!» አለ ካድሬው።

«ሰውየው ሞተ፤ ውሃው ግን አያውቅም፣ መንጠባጠቡን ቀጠለ። ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛውን ማጥለቅለቅ ነበረበት፤ ጠረጴዛው ግን ደረቅ ነው። ገዳዩ እዚሁ ነበር፣ የራሱን ብርጭቆ እያጠበ። ሐሙስ ጋሽ ካሣ ድንበሩ ድረስ፣ ራሔይታ ወርዶ ለአንድ ትልቅ ሰው ጀልባ ሲያፈላልግ ነበር አሉ ዓሣ አጥማጆቹ። ማን ይሆን ትልቁ ሰው?»

«ስም የሌለው ወሬ ነው! ሴትዮዋን አስረክበኝ፣ ጊዜዬን አታባክን!»

እቴናት የምታየው የመርሻን ጠመንጃ ነው። ዓለምዘውድ የሚያየው ሻምበሉን ነው። አዲሱ ብርጭቆ ደመና ሠራ፣ ነጣ፣ ከአፉ ሁለት ጣት ሲቀረው የጓድ ውብሸት እጅ ተዘረጋና ቧንቧዋን ዘጋት። አፉ ገና ይሳደብ ነበር።

ሁሉም ዓይን እጁ ላይ አረፈ።

«ልክ በሰዓቱ» አለ ሻምበሉ። «ጋሽ ካሣ ጥሩ አድርጎ አስተምሮሃል። ቅድምም እጅህ እንዲሁ አላስችል አለው። ከገደልከው ሰው አጠገብ ቆመህ መጠጡ እንዳይሰጥም አዘንክ።»

ካድሬው ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። «ጅቡቲ ሊያሻግረኝ ተስማምቶ ነበር! ዛሬ ‹ያሰርካቸውን ልጆች ሳትፈታ አላሻግርህም፤ ካልፈታህም እናገራለሁ› አለኝ። ለሁለት ኩሊ ብሎ!» እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

መርሻ ቀደመው። ክንዱን ጠምዝዞ ሽጉጡን ነጠቀ። «አንደኛው ኩሊ ወንድሜ ነው» አለ። ሁለቱ ጠባቂዎች አለቃቸውን እያዳፉ አወጡት።

«እኔስ፣ ሻምበል?» አለች እቴናት።

«አንቺማ ቤትሽ ነሽ። ማንም አይነካሽም።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ራሷ ነፍስ ብቻ ስታስብ ነበር። አሁን ወደ አልጋው ዞረች።

«ጋሽ ካሣ ሞተ እኮ!» አለች፣ ገና አሁን እንደተነገራት ሁሉ፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ደረቷን ትመታ ጀመር።