ሰባት ቤት በእናቴ በኩል

ኤፍራታ ሣህሌን «ዘርሽ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ ዝም የተባለ ሰው የለም። የፈለገውን መልስ ይዞ የሄደም የለም።

እዮኤልም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ሰኞ ጠዋት ነበር። የጭላሎ ተራራ ጉም ገና አልተገፈፈም፤ የሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ሰው በጋቢና በፎጣ ተጀቡኖ ተሰልፏል። እዮኤል ነርስ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ አሰላ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ። እጁ ፈጣን ነው፣ ፈገግታም አያጣም። ያስቸገረው ቋንቋው ነው። ከፊቱ የተቀመጡት አሮጊት በኦሮምኛ ይነግሩታል፣ እሱ በአማርኛ ይጠይቃቸዋል፤ ቀስ በቀስ ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ የሚግባቡ መስሏቸው መጮህ ጀመሩ።

ከሰልፉ አንዲት ጠይም ልጅ ብድግ አለች።

«ከማክሰኞ ጀምሮ ዳገት ስወጣ ደረቴን ይወጋኛል፤ ትራስ ካልደራረብኩ መተኛት አልችልም ነው የሚሉህ። ደግሞ መጮህህን ተው፤ ጆሮዬ ደህና ነው ብለዋል።»

እዮኤል ፊቱ ቀላ። አሮጊቷ እሱን ከላይ እስከ ታች አይተው አንድ ነገር ጨመሩ። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«አሁንስ ምን አሉ?»

«ልጁ ቀጭን ነው፣ የምታበላው ሚስት የለችውም ወይ አሉ።»

«እሱንም ትተረጉሚዋለሽ?»

«ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። የሰው ቃል አልዘልም።»

እዮኤል ሳቀ፤ ቀጥሎም ያቺኑ የማትጠየቀዋን ጥያቄ ጠየቀ።

«ኦሮሞ ነሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«አማርኛሽ ግን...»

«አማራም ነኝ።»

«ዋናው የቱ ነው?»

«ዋናው፣ ካርድ ቁጥሬ አስራ አራት መሆኑ ነው። አንተ ደግሞ ገና ስምንት ላይ ነህ!» ብላ ተመልሳ ሰልፏን ያዘች።

አስራ አራተኛው ቁጥር እስኪደርስ እዮኤል ቀና ብሎ ያላያት ጊዜ የለም። እሷም ታውቃለች።

የኤፍራታ አባት አቶ ሣህሌ፣ ቅድመ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው አርሲ ላይ ከሰፈሩት ወገን ናቸው። እናቷ ሳምራ የሳጉሬ አርሲ ኦሮሞ ናት። ሁለቱ ሲጋቡ ከሁለቱም ቤት «እሰይ» ያለ አልነበረም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረው እንኳ ኤፍራታ በአባቷ ዘመዶች ዘንድ «የሳምራ ልጅ»፣ በእናቷ ዘመዶች ዘንድ «የሣህሌ ልጅ» ነበረች። ትምህርት ቤት «ቅይጥ» ሲሏት ተደባድባለች። ቅጽ ስትሞላ «ብሔር» የምትለዋ አጭር መስመር ላይ ስትደርስ ሁለቱንም ትጽፋለች፤ «አንዱን ምረጪ» ሲሏት «ከሁለት ዓይንህ የትኛውን ትመርጣለህ?» ትላለች። አንድም ጊዜ መርጣ አታውቅም።

ከእዮኤል ጋር በቁጣ የተጀመረው ነገር በሻይ ቀጠለ። ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ሻይ ቤት ማታ ማታ ይገናኛሉ። እሱ በቀን አምስት የኦሮምኛ ቃል ይማራል፤ አራቱን ያበላሻል። እሷ ታርመዋለች።

«ስትቆጪኝ ለምንድን ነው የምወድሽ?»

«ሳልቆጣ ስላላየኸኝ ነዋ።»

«አሁን አልተቆጣሽም።»

«እንግዲያው አሁን ጥላኝ!» ብላ ሳቀች። እጇን ያዘው፤ አልነጠቀችውም። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ዝም ብላ የተቀመጠችበት ቀን የለም።

በመስከረም «ሽማግሌ ልላክ?» አላት።

«ላክ። ግን እዮኤል... እንደሆንኩት አስጠይቀኝ። ሙሉዬን።»

«ሙሉሽን!» አለ፤ ማለ።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ግንባር ቀደም የቆሙት ጡረታ የወጡት መምህር አቶ ገብረ መድህን ናቸው። ሽማግሌ ሲመጣ የልጅቱ ቦታ ጓዳ ነውና ኤፍራታ ከመጋረጃው ጀርባ ታዳምጣለች። «ተቀመጡ» ተባሉ፤ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ጉዳዩ ተሰማ፤ ተቀመጡ። ከዚያ እንደ ደንቡ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ይቆጠር ተባለ። በልጁ በኩል በአባቱም በእናቱም ተቆጠረ። አቶ ሣህሌም የራሳቸውን አባቶች እስከ ሰባት ቆጠሩ። አልተገናኘም፤ እሰየው ተባለ።

«በእናቷ በኩልስ?» አሉ አቶ ሣህሌ።

አቶ ገብረ መድህን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱ ግዴለም... በእናት በኩል ይለፍ። የላከን ልጅ እንደዚያ ነው ያለን።»

ኤፍራታ መጋረጃውን በትንሹ ገለጥ አድርጋ እናቷን አየቻት። ሳምራ ለእንግዶቹ ጠላ የቀዳችበትን ብርጭቆ በትሪ ይዛ ቆማለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። አንገቷን ደፋ አድርጋ ፈገግ አለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትዘለል የለመደችው ፈገግታ ነበር፤ ኤፍራታን ያቃጠላት ያ ፈገግታ ነው።

መጋረጃውን ገፍታ ወጣች!

«ኤፍራታ!» አሉ አባቷ።

«ይቅርታ አባዬ። አባቶቼ፣ በእናቴ በኩል እኔ እቆጥርላችኋለሁ። እናቴ ሳምራ ሁሴን ናት። የሁሴን አባት ገመዳ። የገመዳ ቱሉ። የቱሉ ጅሎ። የጅሎ ቦሩ። የቦሩ ሮባ። የሮባ ዋቆ። ሰባት!» ወደ ሽማግሌዎቹ ቀረበች። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች ይባላል። እኔ በቅሎ አይደለሁም። አባቴንም እናቴንም በስማቸው እጠራለሁ። እናንተን አክብሬ ነው የምናገረው፤ ለላካችሁ ሰው ግን ልጅ አልሰጥም ብላለች በሉልኝ። አባቴ አይደለም የከለከለው፤ እኔ ነኝ!»

ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ሳይቀምሱ ወጡ።

በማግስቱ እዮኤል ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠበቃት። ዓይኑ ስር ጠቁሯል።

«እማዬ በስልክ ከማን ወገን ናት ስትለኝ የአባትሽን ነገርኳት። በእናቷስ ስትለኝ... ኔትወርክ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። ፈራሁ፣ ኤፊ። ሽማግሌዎቹ ጮክ ብለው ከቆጠሩት እሷ ጆሮ ይገባል ብዬ ነው። እንዳላጣሽ ብዬ ነው።»

«የፈሩት ይደርሳል ሲባል አልሰማህም?»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«ለእኔ ብለህ እናቴን ደበቅካት? ሌላው ሰው ሲዘላት ለመድኩት። አንተ ግን እኔ ቃል እንደማልዘል እያወቅክ እናቴን ዘለልካት!» እንባዋ እንዳይቀድማት ፈጥና ሄደች።

ከሳምንት በኋላ ሻይ ቤቱ በር ላይ አስቆማት። ደስታ ፊቱ ላይ ተጽፏል።

«አገኘሁ! እማዬን ጠየቅኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት። ታውቂያለሽ? የአያቷ እናት አገው ናቸው! እኔም እንዳንቺ ድብልቅ ነኝ ማለት ነው!»

ኤፍራታ መሳቅ ዳዳት፤ ንዴቱ ቀደመ።

«ባይሆኑስ ኖሮ?»

«እ?»

«ሰባቱም ቤትህ አንድ ዓይነት ቢሆን እኔ ሰው አልሆንልህም ነበር? እኔን ለመውደድ አገው አያት ፍለጋ መውጣት የለብህም እዮኤል። ደግሞ ድብልቅ አይደለሁም። ድብልቅ ምጥን ሽሮ ነው። እኔ ሁለቱንም ነኝ፣ ሁለቱንም ሙሉ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ አልነግርህም። ከዘለልክበት ጀምር።»

ከዚያ ቀን በኋላ እዮኤል ጠፋ። ሻይ ቤቱ የለም፣ ስልክ የለም። ኤፍራታ ኩራቷን ለብሳ ሥራ ትገባለች፤ ቤት ስትመለስ ክፍሏን ዘግታ ታለቅሳለች። ትወደዋለች። ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ ትወደዋለች፤ መናደዷም ከዚያ ነው። አንድ ቀን ሳምራ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ በእኔ ምክንያት ቤትሽን አታፍርሺ። እኔ ለምጄዋለሁ እኮ።»

«መልመድሽ ነው ያንገበገበኝ እማ! እንድትለምጂ የፈረደብሽ ማን ነው?»

ሳምራ የልጇን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስጠጋች፤ ሁለቱም አለቀሱ።

እንዲያም ሆኖ የሳምራ ስልክ አመል አወጣ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወንድሟ ኦቦ ቃሲም ከሳጉሬ ይደውልላታል፤ ሳምራም ወደ ጓሮ ወጥታ በኦሮምኛ ታወራለች፣ ትስቃለች። «ምን አለ?» ስትባል «ስንዴው ደህና ነው አለ» ትላለች። ስንዴ እንደዚያ ሲያስቅ ኤፍራታ አይታ አታውቅም።

በአምስተኛው ሳምንት እሁድ በሩ ተንኳኳ። አቶ ገብረ መድህንና ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ከኋላቸው ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ እናት ቆመዋል። ከእሳቸው ኋላ ኦቦ ቃሲም። ከሁሉም ኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እዮኤል።

«ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ይመጣል እንዴ?» አሉ አቶ ሣህሌ ተገርመው።

«ደንብ አይደለም» አሉ አቶ ገብረ መድህን። «ያበላሸው እሱ ነውና ራሱ ያቅናው ብለን ነው። እኔም በሽምግልናዬ ይለፍ ማለት አልነበረብኝም፤ ይቅር በሉኝ።»

የእዮኤል እናት አንድ እርምጃ ወደ ሳምራ ቀረቡ። «አባይነሽ እባላለሁ፤ የዚህ ፈሪ እናት ነኝ። አልዋሽዎትም እህቴ። ዘሯ የማን ነው ብዬ የጠየቅኩት እኔው ነኝ። ቢነግረኝ ቅር ይለኝ ነበር ይሆናል። ኋላም ነገረኝና ሁለት ቀን አኩርፌያለሁ። ግን የሰው እናት ደብቅ አላልኩም። እኔ ብደበቅ ደስ ይለኛል? አይለኝም!»

ኤፍራታ ከመጋረጃው ጀርባ አፏን በእጇ ያዘች።

እዮኤል መሀል ቤቱ ላይ ቆመ። እጁ ባዶ ነው፤ ወረቀት አልያዘም።

«በእናቷ በኩል እቆጥራለሁ» አለ። «ሳምራ ሁሴን። የሁሴን አባት ገመዳ። ሳጉሬ ኩሬው አጠገብ ያለው ማሳ የእሳቸው ነበር፤ ኦቦ ቃሲም ወስደው አሳይተውኛል። የገመዳ ቱሉ። የቱሉ ጅሎ። የጅሎ...»

ቆመ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ።

«የጅሎ...»

ኦቦ ቃሲም ጣራውን ያያሉ፤ አምስት ቅዳሜ አስተምረዋል፣ ዛሬ መርዳት የለም። አቶ ገብረ መድህን መሬቱን ያያሉ። ሳምራ ትሪዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። የኤፍራታ ጥፍር መዳፏ ውስጥ ገባ። *በል እንጂ... በል እንጂ እዮኤል...*

«ቦሩ!» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ፣ ብድግ ብለው። «ቦሩ ነው እንጂ ልጄ! የጅሎ ቦሩ፣ የቦሩ ሮባ፣ የሮባ ዋቆ!»

ሁሉም ዞሮ አያቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ? ከመጣሁ አስራ አምስት ቀኔ ነው። ሲበላ ያነበንባል፣ ሲታጠብ ያነበንባል። ዳዊት እንኳ እንዲህ በቃሌ አልወጣልኝም!»

መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ቃሲም ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ሳምራ ብቻ አልሳቀችም። የአባቶቿን ስም በዚያ ሳሎን፣ በእንግዳ አፍ፣ በወፍራም የጎጃም አነጋገር ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወይዘሮ አባይነሽን አቀፈቻቸው፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻቸውም።

«እንግዲህ በአራቱም በኩል ሰባት ቤት ተቆጥሯል» አሉ አቶ ገብረ መድህን ዓይናቸውን በነጠላ ጠርገው። «አቶ ሣህሌ፣ ልጅዎን ይሰጡናል?»

አቶ ሣህሌ ወደ መጋረጃው ዞሩ። «እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? ባለፈው አልሰጥም ያለችው ሌላ ሰው ናት። ኤፍራታ! ነይ ውጪ፤ የመጡት አንቺን ሊጠይቁ ነው።»

ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ አገጯ ግን ቀና እንዳለ ነው። እዮኤል ፊት ቆመች።

«የጅሎን አባት ረሳህ።»

«ረሳሁ» አለ። «በላብ ነው የጠፋኝ...»

«ሁለተኛ ትረሳለህ?»

«እኔ ብረሳ እናቴ አለች።»

ኤፍራታ እናቷን አየች። ሳምራ አንገቷን አልደፋችም፤ ቀና ብላ ቆማ ልጇን ታያለች፣ ፊቷም በእንባ ርሷል። ኤፍራታ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«ሰጥቻለሁ!» አለች።