የአወዳደቅ መምህር

ማስተር ጀላል ከብረት ደረጃው ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው የሐምሌ ዝናብ ገና ከቆርቆሮው ጠርዝ ይንጠባጠባል። የራስ ቅላቸው የኋላ በኩል የሲሚንቶውን ጠርዝ መትቷል፤ ደሙን ውኃው አቅጥኖ ወደ ቦዩ ወስዶታል። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ በኩል የታክሲ ረዳቶች «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያሉ ይጮኻሉ። ሬሳውን የከበበው ሰው በየጃንጥላው ሥር ተፋፍጎ ቆሟል።

ኢንስፔክተር ዘመነች ከመኪና ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ደረጃውን ነበር። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ደረጃ ጠላቷ ነው። ሐምሳን የተሻገረች፣ ምላሷ የሚፋጅ፣ ዓይኗ ደግሞ ከምላሷ የባሰ ሴት ናት።

«ጉዳዩ ቀላል ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ቀድሟት የደረሰው ኮንስታብል ያደሳ። «ሟቹ ፎቅ ላይ ማርሻል አርት ያስተምሩ ነበር። ጠዋት አዳራሹን ሊከፍቱ ሲወጡ አዳልጧቸው ወደቁ። አለዚያ ደግሞ...» ብሎ በአገጩ ወደ አጥሩ ጠቆመ። እጁ በካቴና የታሰረ ወጣት ቁጢጥ ብሏል። «እዮኤል ይባላል፤ ተማሪያቸው ነው። እኔ ነኝ የገደልኳቸው ይላል።»

«በምን ገደልኩ ይላል?»

«ትናንት ልምምድ ላይ ጭንቅላታቸውን በእርግጫ መቷቸዋል። ያ አዙሯቸው ነው የወደቁት ብሎ ራሱ መጥቶ እጁን ሰጠ።»

ከአጥሩ ውጭ የእዮኤል እናት የኔነሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና «ጌታ ሆይ፣ ልጄን!» ትላለች። ኢንስፔክተሯ ወደ እሷ ላለማየት ሞከረች፤ አልቻለችም። ራሱን የከሰሰ ልጅ ጠበቃ እንኳ አያድነውም፤ ያንን ከብዙ መዝገብ ታውቃለች።

ጉልበቷን እየረገመች ተንበረከከች። የሟቹን መዳፎች ገልብጣ አየች፤ ጭረትም ጭቃም የለባቸውም። ጥፍራቸው ንጹህ ነው። ክርናቸውም አልተላጠም። በቀኝ እጃቸው ጥቁር ፈርጥ ያለው የብር ቀለበት አለ፤ ሰፍቷቸው ኖሮ ፈርጡ ወደ መዳፋቸው ዞሯል። ኪሳቸው ውስጥ የአዳራሹ ቁልፍ ተገኘ። ከዚያ የዓይናቸውን ቆብ በቀስታ ገለጠች። ነጩ ላይ በመርፌ ጫፍ የተነካ የሚመስሉ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ። አንገታቸው ላይ ግን ምልክት የለም።

ከቤተ ዘመድ አንድ ሽማግሌ ተጠጓት። «ልጄ፣ በቀትር፣ ዙህር ላይ ጀናዛው ይሰገድበታል። መውደቅ የአላህ ቀደር፣ የሱ ውሳኔ ነው። አታጉላሉን።»

«አባቴ፣ እስከ ዙህር ይታገሱኝ። ከዚያ በፊት መልስ እሰጥዎታለሁ።»

ያደሳ ሽማግሌው እስኪርቁ ጠብቆ «ምን መልስ ይሰጧቸዋል? አዳልጧቸው ነው እኮ» አለ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንተ ፖሊስ ነህ፤ ልቀቀው።»

ሬሳውን ያገኙት የቤቱ ባለቤት አቶ ፍቅሬ ናቸው። ከታች የብረት ሥራ ቤት አላቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን የማለዳ ጸሎት ሲመለሱ ነው ያዩዋቸው።

«ጭቅጭቅ ነበረን፤ አልዋሽም» አሉ፣ ሳይጠየቁ። «እኔ የመዶሻ ድምፅ አያማርረኝም። የሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ጧ! ጧ! ጣሪያዬ ሊወርድ! አንድ ቀን ወጥቼ ምንድነው የምታደርጉት ብላቸው፣ መውደቅ ነው የማስተምረው አሉኝ። ሰው ለመቆም ይማራል እንጂ ለመውደቅ ሲማር አይቼ አላውቅም!»

«መውደቅ?»

«አዎ! አገጭን ደረት ላይ ለጥፎ፣ በክንድ ምንጣፉን መምታት። ጭንቅላት መሬት እንዳይነካ ነው አሉ። አዲስ የመጣ ተማሪ መውደቅ ሳይችል እርግጫ አያሳዩትም።»

«እና ትምህርቱ ይሠራል?»

አቶ ፍቅሬ ሬሳውን በጎን አዩት፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አምና እዚሁ ደረጃ ላይ ሲንሸራተቱ በዓይኔ አይቻለሁ። ተገልብጠው ወረዱ፤ ከዚያ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉና እንዴት አደሩ አሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ከታች እስከ ላይ አየች። ከዚያ መውጣት ጀመረች።

አዳራሹ በር ላይ ረዳት አሰልጣኙ አዩብ ጠበቃት። ወላጆቹ ሲሞቱበት ማስተር ጀላል ቤታቸው ወስደው ያሳደጉት፣ ትከሻው የሰፋ ወጣት ነው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጫማ ማውለቅ ግድ ነው። ኮንስታብል፣ ሰዓትህንም። ቀለበት፣ ሰዓት፣ ዚፕ፣ ብረት ያለው ነገር ሁሉ ምንጣፍ ላይ አይወጣም። ሰው ይጎዳል። የማስተር ሕግ ነው።»

ዘመነች ጫማዋን አወለቀች። የቅዳሜ ተማሪዎች በስስ ነጭ ዩኒፎርም ተኮራምተው ግድግዳውን ተደግፈው ያለቅሳሉ። አዩብ በዩኒፎርሙ ላይ ጥቁር ቀበቶውን አስሯል፤ ከላይ ደግሞ ጃኬት ደርቦ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘግቷል።

ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «መታ መታ ካደረገ ልቀቅ» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«አንገቱ የታነቀ ወይም ክንዱ የተጠመዘዘ ሰው ሲበቃው ተጋጣሚውን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። ተሸንፌአለሁ፣ በቃኝ ማለት ነው። የያዘው ሰው ወዲያው መልቀቅ አለበት።»

«ካልለቀቀስ?»

«እንዲህ ዓይነት ሰው እዚህ ቦታ የለውም» አለ አዩብ፣ ወደ መስኮቱ እያየ።

በመስኮቱ አጠገብ መንጠቆ ላይ አንድ ያረጀ ጥቁር ቀበቶ በጥንቃቄ ለሁለት ታጥፎ ተሰቅሏል። ጫፉ ላይ በወርቃማ ክር «ጀላል» የሚል ስም ተጠልፏል።

«ዛሬ በሩን ማን ከፈተው?»

«እኔ፣ ከሁለቱ ቁልፍ በራሴው፣ ከኮንስታብሉ ጋር ሆነን። ጫጫታ ሰምቼ ከተከራየሁበት ቤት ሮጬ ነው የመጣሁት። ማስተር ጭራሽ አልደረሱም፤ ሲወጡ ነው የወደቁት።»

«ቀበቶውስ?»

አዩብ ወደ መንጠቆው ዞር አለ። «ሁሌም እዚያው ነው የሚያድረው።» ከዚያ ቶሎ አስከተለና «እዮኤል ላይ አይጨክኑበት። ሆን ብሎ አይደለም። ጭንቅላት ሲመታ ግን ሳይታወቅ አድሮም ያዞራል» አለ።

«ደግ ልብ አለህ» አለች ኢንስፔክተሯ። ያደሳ ግን ይህ ድምጿ ምስጋና እንዳልሆነ ያውቃል።

ታች ወርዳ እዮኤል አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን መታሃቸው?»

«ተናድጄ ነበር።»

«በምን?»

ልጁ ወደ ካቴናው አቀረቀረ። «ሮቤራ የሚባል ጀማሪ አለ። ባለፈው ሳምንት ክንዱ ተሰበረ። ወድቆ ነው ተባለ። ማስተርም አምነው ዝም አሉ።»

«እዚህ ቤት ወድቆ የሚሰበር ሰው አለ?»

እዮኤል ቀና ብሎ አያት። «የለም። መታ መታ አድርጎ ነበር። የያዘው ሰው ግን አልለቀቀውም። እኔ አይቻለሁ። ትናንት ፍልሚያ ላይ ንዴቱ መጣብኝና ማስተርን ሳልቆጣጠር መታኋቸው። አልተቆጡኝም። አስቀምጠውኝ ‹በንዴት የሚመታ ሰው መጀመሪያ ራሱን ይስታል፤ ምን ሆነሃል?› አሉኝ። የሮቤራን ነገር ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገሩም።»

«ሮቤራን የያዘው ማነው?»

«ለማስተር ነግሬአለሁ። ለሌላ ሰው ስም አልጠራም። አሁን ደግሞ እኔ ራሴ ከሱ የባስኩ ነኝ።» እንባው መጣ። «ይቅርታ እንኳ አላልኳቸውም።»

«ቀበቶህ ምንድነው?» አለችው ዘመነች።

«ቀይ። የጥቁር ፈተና ገና ነው።»

ወይዘሮ ዙቤዳ ከዘመዶቻቸው መሀል ደርቀው ተቀምጠዋል። እንባም የላቸውም። ዘመነች ስትጠጋቸው እጇን ያዙ።

«ወድቆ ከሆነ ስጡኝና ልቅበረው። ሰው ከሆነ ግን ንገሩኝ። ሳላውቅ አፈር አታልብሱብኝ።»

«ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጡ እንዴት ነበሩ?»

«ደህና ነበር። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሻይ ጠጣ። ልቡ ግን አዝኖ ነበር። በር ላይ ቆሞ ‹ዙቤዳ፣ በእጄ ያሰርኩትን ዛሬ በእጄ ልፈታ ነው› አለኝ። ማን ነው ስለው ‹መጀመሪያ ለብቻው ልንገረው› ብሎኝ ወጣ።»

«ቀበቶ በእጃቸው ያስራሉ እንዴ?»

«ጥቁሩን ብቻ። ሌላውን ተማሪው ራሱ ነው የሚያስረው።»

«የራሳቸው ቀበቶስ የት ነው የሚያድረው?»

«ቤት ነው እንጂ! ዛሬም በእጁ ይዞ ነው የወጣው። ወይ ወገቡ ላይ ነው ወይ በእጁ ነው፤ አይሰቅለውም፤ መሬት ሲነካም አይወድም።»

ኢንስፔክተሯ ተነሣች። «ሁላችሁንም ፎቅ ላይ እፈልጋችኋለሁ» አለች።

ምንጣፉ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ዙቤዳና ሽማግሌው፣ አቶ ፍቅሬ፣ በካቴና የታሰረው እዮኤል ከእናቱ ጋር፣ ተማሪዎቹ፣ አዩብ። ያደሳ በሩን ዘግቶ ቆመ። ዘመነች ጉልበቷን ይዛ መሀል ላይ ቀረች።

«አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ» ብላ ጀመረች። «ዕድሜያቸውን ሙሉ መውደቅ ያስተማሩ ሰው እንደ ተቆረጠ እንጨት ወደቁ። አገጫቸውን አልሰበሰቡም፤ እጃቸው መሬት አልመታም። መዳፋቸው ላይ ጭረት እንኳ የለም። ይህ ልማድ በእንቅልፍ ልብም አይጠፋም። ስለዚህ ሲወድቁ ራሳቸውን አያውቁም ነበር።»

«እርግጫው አዙሯቸው ነዋ» አለ አዩብ በቀስታ። የኔነሽ ልጇን እቅፍ አደረገች።

«እኔም እንደዚያ ባልኩ ነበር፣ ይህ ቀበቶ ባይኖር።» ወደ መንጠቆው ጠቆመች። «ማስተር ጀላል ዛሬ ጠዋት ከቤት ይዘውት ወጡ። አንተ እንዳልከው ሳይደርሱ ወድቀው ቢሆን ከሬሳው ጋር ታች ይገኝ ነበር። የተገኘው ግን እዚህ፣ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ በሟቹ ኪስ ነው፣ ሌላው በእጅህ። እሳቸው እዚህ ገብተዋል፤ የሞቱትም እዚህ ነው። ታች የወረዱት ከደረጃው አናት በሰው እጅ ተጥለው ነው።»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ቀና አሉ። ኢንስፔክተሯ ቀጠለች።

«ገዳዩ ብልህ ነበር። ክንድ ከኋላ አንገት ላይ ሲጠመጠም ቆዳ ላይ ምልክት ላይተው ይችላል፤ ዓይን ውስጥ ግን የደም ነጠብጣብ ይተዋል። እሱን አላወቀም። ደግሞም በትግሉ መሀል ቀበቶው መሬት ወደቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ረግጦት ይሄድ ነበር። ይሄኛው ግን ሰው ገድሎም ቀበቶ መሬት ላይ መተው አልቻለም። አንሥቶ አጥፎ ሰቀለው። ከልጅነቱ የተማረው ነዋ!»

«እዮኤልም ተምሯል» አለ አዩብ። ድምፁ ሻክሯል።

«እዮኤል ቀይ ቀበቶ ነው። ማስተር ጀላል ሊፈቱት የነበረው በእጃቸው ያሰሩትን፣ ጥቁሩን ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ጥቁር የታጠቀ አንድ ሰው ነው ያለው። የሮቤራን ክንድ የሰበረውም እሱ ነው።» ወደ እሱ ዞረች። «ጃኬትህን አውልቅ፣ አዩብ።»

«ብርድ ይዞኛል።»

«የኮንስታብሉን ሰዓት ያስወለቅከው አንተ ነህ። ዚፕ ምንጣፍ ላይ አይወጣም አላልክም? እነዚህ ልጆች በስስ ልብስ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንተ በገዛ ሕግህ ላይ ቆመህ ትሞቃለህ። ያየሁት ገና ስገባ ነው። አውልቅ።»

ያደሳ አንድ እርምጃ ቀረበ። አዩብ ዚፑን ከፈተ። ኢንስፔክተሯ የዩኒፎርሙን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችው። ቀኝ ክንዱ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ ወይን ጠጅ ሰንበሮች ተደራርበዋል።

«የቀለበቱ ፈርጥ ነው» አለች። «ሰፍቷቸው ወደ መዳፍ ዞሮ ነበር። ልምምድ ላይ ነበርን እንዳትለኝ፤ እሳቸው ቀለበት አድርገው ምንጣፍ አይረግጡም። ገና ከመግባታቸው ነው።»

ከዚያ ቃሏ ዝግ አለ። ተቆጥታለች፤ ግን ከቁጣው በላይ አዝናለች። «ሞት የመጣበት ሰው ይቧጭራል፣ ይነክሳል፣ ዓይን ይጓጉጣል። ማስተር ጀላል አንዴም አልቧጨሩህም። ለምን ይመስልሃል?»

አዩብ እጅጌውን መልሶ ሊያወርድ ሞከረ፤ እሷ ክንዱን አልለቀቀችም።

«ያሳደግኩት ልጅ ይለቀኛል ብለው ነው። መታ መታ አደረጉ። አቅማቸው እስኪያልቅ መታ መታ አደረጉ። ለምን አልለቀቅካቸውም?»

አዩብ በጉልበቱ ወደቀ። «በልጆቹ ፊት ቀበቶህን ትፈታለህ አሉኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። አልሰሙኝም፤ ጀርባቸውን ሰጡኝ...» ክንዱን የሌላ ሰው ክንድ ይመስል አየው። «ሲመቱኝ ይሰማኝ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

የእዮኤል ለቅሶ አዳራሹን ሞላው። ያደሳ ካቴናውን ፈትቶ ወደ አዩብ ሲሄድ ወይዘሮ ዙቤዳ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ» አሉት። ልጅ ሆኖ ያጎረሱት ሰው ፊት መጥተው ቆሙ።

«ፍታው።»

አዩብ ቋጠሮውን ያዘ። አልፈታ አለው። ወይዘሮ ዙቤዳ ጎንበስ ብለው ራሳቸው ፈቱት። ቀበቶውን መሬት አላስነኩትም፤ ለሁለት አጥፈው በክንዳቸው ያዙት።

«እነሆ፣ የጀላልን ሥራ ጨረስኩለት» አሉ። ይኼኔ እንባቸው ወረደ።

ዘመነች ለሽማግሌው «ሐኪም እንዳያቸው ዛሬውኑ ትቀብሯቸዋላችሁ» አለቻቸው። ከማዞሪያው በኩል የዙህር አዛን ተሰማ። ወይዘሮ ዙቤዳ እዮኤል ፊት ቆመው ትከሻውን ነኩት።

«ተነሥ፣ ልጄ። አስተማሪህን ተሸከም። ደረጃው ሥር ያዳልጣል፣ ቀስ በል።»